ቀዩ ክር በቀኝ እግሩ

ሰብለ የበደለችኝ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘውዴ ቤት አብረን ገረድ ሳለን፣ ካምሲን የሚሉት የእሳት ነፋስ ሊጀምር ሲል ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጇ ከድሬዳዋ አሁን እኔ ያለሁበት ጋቦዴ ሰፈር ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። አያቷ፣ እሷ ጋ ሂጂ፣ እህቴ ማለት ናት፣ ሥራ ታስገባሻለች ብላ ልካት ነው። እህቴ። ሩዝና ዓሣ አቀረብኩላትና ስትበላ አየኋት።

እኔና ሰብለ ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ በአንድ ባቡር ነው የመጣነው። የምንተኛው ጣሪያ ላይ፣ ከእትዬ ዘውዴ ድንክ ዶሮዎች አጠገብ ነበር። ደረጃውን የሚዘጋ ነገር የለም። የእትዬ ዘውዴ ወንድም ደስ ባለው ሰዓት ወደ እኛ ይወጣ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ጣሪያ ላይ የተኛች ታውቀዋለች።

አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ለልጆቿ ድንክ ዶሮ፣ ለቤቷ ሠራተኛ ፈለገች። ባሏ ሌሊት ወደብ ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ፣ አውራ አልፈልግም፣ የማይጮኹ ቄቦች ብቻ ይሁኑ አለች። እትዬ ዘውዴም፣ ለይተሽ አሳድጊያቸው፣ ከተወደዱ አንቺም ትገቢያለሽ አሉኝ። የዚያ ቤት የሠራተኛ ክፍል መቀርቀሪያ ያለው በር ነበረው። ሄጄ በእጄ ሞክሬዋለሁ።

ድንክ ጫጩት ቶሎ አይለይም። የአውራው አናት ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩ ይወፍራል፤ ይህም ግን ያታልላል። እርግጡ ወገቡ ላይ፣ ከጭራው በላይ ያለው ላባ ነው፤ የአውራው ቀጭንና ሹል ሆኖ ይወርዳል፣ የቄቧ ጫፉ ክብ ነው። የሩዝ ትራፊ እየበተንኩ፣ ላባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ለማዳም የመረጥኳቸውን ቄቦች ሁሉ በግራ እግራቸው ቀይ ክር አሰርኩባቸው።

የማዳም ዘበኛ ሲመጣ እኔ ዓሣ ገበያ ነበርኩ። ባለ ክሮቹን በቅርጫት ያስረከበችው ሰብለ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ማዳም ቤት ከሄዱት አንዱ ጮኸ። ዘበኛው መልሶ ሲያመጣው አየሁት፤ ቀዩ ክር በቀኝ እግሩ ነው። እኔ በግራ እንዳሰርኩ ብናገር ማን ይሰማኛል። እትዬ ዘውዴ፣ «ወንድና ሴት ሳትለዪ ነው ሰው ቤት የምትገቢው?» ብለው ሳቁብኝ።

ሰብለን ጣሪያ ላይ ጠየቅኋት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«በሩ አንድ ነው» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት በእኔ ፋንታ ማዳም ቤት ገባች። እኔ ሌላም ካምሲን እዚያው ጣሪያ ላይ አሳለፍኩ። እሷም እንደ እኔ በር ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ክሩን ከቄቧ ፈትታ አውራው ላይ ያሰረችው ግን እሷ ናት።

ልጅቷ በልታ ሳህኑን አጠበች። አገጯ የሰብለ ነው። ውስጧ የማን እንደሆነ ገና አይለይም።

«እማማ፣ አያቴ የሚቀረቀር በር መኖሩን ሳታዪ ሰው ቤት እንዳትገቢ ብላኛለች» አለችኝ።

በማግስቱ ሥራ ሳልፈልግላት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወስጄ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር አሳፈርኳት። ቤቴ ገብቼ በሬን ቀረቀርኩ።