የአባዬ አቋራጭ

አባዬን ተማሪዎቹ «አቋራጭ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ለእያንዳንዱ ጥያቄ አቋራጭ አለው፤ ከሁሉም የሚኮራው ግን በስኩዌር ሩቱ ነው። «ሩትና ስኩዌር ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ውስጥ ያለው እንዳለ ይወጣል!» ይላል። አንዴ ካለ አለ ነው፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ከሚሉት ወገን ነው።

እኔ የወለዳት ነኝ። እዚያው ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍሉን እይዛለሁ። በሒሳብ አልሆነልኝም፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማረኝ ደግሞ ራሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «መልኳን ከእኔ፣ ጭንቅላቷን ከእናቷ ወሰደች» እያለ ያስቅብኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ዘንድሮ የሒሳብ መለማመጃ ፕሮግራም መጣልን። ተማሪው ይመልሳል፣ ፕሮግራሙ ያርማል፣ መጨረሻ ላይ የክፍሉን ውጤት ባንድ ገጽ ያወጣል። አባዬ ፕሮግራሙ እንደማይረባ ሊያሳየኝ የአንድ ክፍል ተማሪዎቹን አስከትሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ።

ውጤቱ ወጣ። አምስተኛው ጥያቄ ነጌቲቭ ሦስት ስኩዌር ተደርጎ ሩቱ ሲወሰድ ስንት ይሆናል የሚል ነው። አርባ ሦስቱም ልጆች «ነጌቲቭ ሦስት» ብለዋል። ፕሮግራሙ አርባ ሦስቱንም በቀይ ሰርዟቸዋል።

አባዬ ሳቀ። «ይኸው! ዕቃሽ ሒሳብ አያውቅም። ነቅለሽ ጣይው!»

እኔም አመንኩት። ስህተቱን ይዤ ላመለክት ብዬ ካልኩሌተሩን ከፈትኩ። ነጌቲቭ ሦስትን በራሱ አባዛሁት፤ ዘጠኝ። ሩቱን ነካሁ፤ ሦስት። ነጌቲቭ የሚባል ነገር የለም። ደገምኩት። ሦስት! ስክሪኑን ወደ አባዬ አዞርኩት።

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ በእጁ ሠራው፤ እንደገና ሠራው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ጉድ ነው! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላረመውም።

አንድም ሰው?

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ይቺኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ አውጥቶ አሠርቶኛል። አቋራጩ ጠፍቶብኝ እየተንተባተብኩ አባዛሁና ሦስት አልኩ። «ነጌቲቯን ዋጥሻት እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ቀና ስል አባዬ እኔን እያየ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያኔ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያኔ አንቺ ስንት ነበር ያልሽው?»

«ሦስት፣ አባዬ።»

አባዬ ባዶ ወንበር ስቦ ከተማሪዎቹ መሃል ተቀመጠ። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ሰሌዳ ውጪ፣ ልጄ» አለኝ። «እንዴት እንደሠራሽው አሳዪን።»