ከሽማግሌዎቹ የጎደለው ሰው

ጭንቀታም ሰው ነኝ። ልጄ ሁሩታ ያለች ልጅ ማግባት እንደሚፈልግ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች አርሲዎች ናቸው። እኛ አባቶቻችን ከሰሜን ሸዋ መጥተው ናዝሬት የቀሩ ነን። ሽማግሌዎቻችንን ከበር ይመልሱብን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። በመጨረሻ ሦስት ሰው መረጥኩ፦ አጎቴን፣ የዕድራችንን ሰብሳቢና ጡረታ የወጡትን አስተማሪ ጎረቤታችንን። እሑድ ሊሄዱ ተቀጠረ።

ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የማስለቅቅ ትራንዚተር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራው ጓደኛዬ የጋምቤላ ሰው ነው፤ እኩያዬ ነው፣ በጣም ጥቁር ነው። ኮንቴይነር ተከፍቶ ለፍተሻ ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ይጨልማል። ያኔ ሁልጊዜ "የት ገባህ? እስቲ ሳቅ እንይህ" እለዋለሁ። እሱም ይስቃል። ጫኝና አውራጆቹም ይስቃሉ። በእኔ ቤት መዋደዳችን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልጄ በመኪና ሊወስደኝ መጥቶ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ይህችን ቀልዴን ሰማ። አልሳቀም። ወደ ናዝሬት መንገድ እንደጀመርን ሬዲዮውን ዘጋው።

"አባዬ፣ ቅድም ያልከው ዘረኝነት ነው" አለኝ።

ተናደድኩ። "ዘረኝነትን ምን አመጣው? ጨዋታ ነው። እሱስ እኔን መላጣ ይለኝ የለም እንዴ?"

"መላጣ ስለሆንክ ቤት አላከራይህም ያለህ ሰው አለ?"

ጓደኛዬ ቤት ሲፈልግ አራት አከራይ በስልክ "ና" ብሎ ሲያየው "ተይዟል" እንዳለው ለልጄ የነገርኩት ራሴ ነኝ። አምስተኛውን ቤት እኔ እንዳገኘሁለት ጨምሬ፣ በኩራት ነበር ያወራሁት።

"ቢከፋው ይነግረኝ ነበር" አልኩ።

"እሺ። ታዲያ ከሽማግሌዎቹ ውስጥ ለምን የለም?"

"የሁሩታ ሰዎች አያውቁትማ።"

"ሦስቱንስ ያውቋቸዋል? ከሦስቱ አንድም ኦሮምኛ የሚችል የለም። እሱ ግን አፉን የፈታበት ነው የሚመስለው።"

እውነቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ስመርጥ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የመጣው እሱ ነበር። ወዲያው ሁሩታ በር ላይ ቆሞ፣ የልጅቷ ዘመዶች እሱን አይተው እርስ በርስ ሲተያዩ ታየኝና ተውኩት። ልጄን እንዳይከለክሉብኝ ፈርቼ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም በደንብ የነገርኩት ያን ቀን መኪና ውስጥ ነው። አፈርኩ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

አርብ ጠዋት ቢሮ እንደገባን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። "እሑድ ለልጄ ሽማግሌ ሆነህ ሁሩታ ሂድልኝ" አልኩት።

የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። "ማን ቀረ?" አለኝ።

ማንም አልቀረም፣ ከሁሉም በፊት አንተን መጥራት ነበረብኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አጎቴ ወገባቸውን አሟቸው ተኝተዋል" አልኩ።

"እግዜር ይማራቸው። እሄዳለሁ" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ለአጎቴ ደግሞ ማታ ስልክ ደውዬ መንገዱ እንዳያደክማቸው፣ እኔ ጋ ሆነው ሽማግሌዎቹን እንዲቀበሉ ለመንኳቸው። ቅር ብሏቸው ዘጉት። ስለ ወገባቸው አልነገርኳቸውም። አሥራ አንድ ዓመት የማይገጣጠሙ ሰነዶች ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ሁለቱን ውሸቶቼን ማገጣጠም ረሳሁ።

እሑድ ዕለት ግቢዬን ስዞር ዋልኩ። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ። የሚያስጨንቀኝ የሁሩታ መልስ ብቻ አልነበረም፤ እሱን ያየ ሰው ክፉ ቃል ቢወረውርበት የላክሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ወንበር ሲደረድሩ ዋሉ። ልጄ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ሽማግሌዎቹ መጡ። አስተማሪው ከመግባታቸው ማውራት ጀመሩ። ሁሩታ ሲደርሱ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው ነበር። ጓደኛዬ በኦሮምኛ ተናገረላቸው፣ የልጅቷ አባት ራሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጡት፣ ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጧቸው። በመጀመሪያ ቀን ቀጠሮ ማግኘት ጥሩ ምልክት ነው። ልጄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔም ደረቴ ቀለል አለኝ።

ጓደኛዬ ከሁሉም ኋላ ገባ። አጎቴ በዚያው ቅጽበት አንድ ሙሉ ሳጥን ለስላሳ ተሸክመው ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ጋሼ፣ ወገብዎ ተሻለዎት?" አላቸው።

"የምን ወገብ?" አሉ አጎቴ። "እኔ እኮ ወገቤን ታምሜ አላውቅም።"

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እሱ ሳቀ። ኮንቴይነር ውስጥ የሚስቀው ሳቅ ነው፤ ድምፁን አልስተውም። እዚያ ስለሚጨልም ዓይኑን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ሳሎኑ ብርሃን ነው፣ ዓይኑን አየሁት። አይስቅም።

ከዚያ ሳጥኑን ከአጎቴ እጅ ተቀበላቸው።