ለዘነቡ ልጅ የመረጥኩት ዘንግ

ሻጩ ዘንጉን ከመደርደሪያው አውርዶ ሲያስይዘኝ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ቁመቱ የእኔን ሁለት እጥፍ ያልፋል፤ ክብደቱ ግን የመጥረጊያ እንጨት አያህልም። ያለነው ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን ውስጥ፣ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ከጄኔቭ በባቡር የመጣሁት ለዚሁ ነው። የእህቴ የዘነቡ ልጅ ሊዲያ እዚህ ሌሬ የሚሉትን የሙያ ትምህርት ትማራለች። “አክስቴ፣ ክፍሌ ከአንድ ዘንግ በላይ አይችልም። ለትንሹም ለትልቁም ዓሣ የሚሆን፣ ቡሽ የሚታሰርበት አንድ ምረጪልኝ” አለችኝ። እናቷ ደግሞ ከባቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ “አንቺ ካልመረጥሽላት ውሃ ዳር እንዳትደርስ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ባቱንም ያኔ ዝዋይ ነበር የምንላት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሰፈራችን ልጆች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ሲያልፉ እኔና ዘነቡ ወደ ሐይቁ እንወርድ ነበር፤ አባባ መረቡን ወደሚጠግንበት። ጠዋት ጠዋት ዳርቻው የእርጥብ ጭቃና የዓሣ ቅርፊት ሽታ ነበረው። ጨዋታችን አንድ ነበር፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ዓይን ሳይርገበገብ ማን ረዘም አድርጎ ያያል? ሁሌም የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ዝም ብሎ ማየት እችልበታለሁ።

አባባ ዘንግ ሲመርጥ ግን ዓይኑን አያምንም። የቀርከሃውን ጭራ ሆዱ ላይ ያስደግፍና ጫፉን እኛ እንድንጎትተው ያዝዘናል። አንዱን “ይሄ ልፍስፍስ ነው”፣ ሌላውን “ይሄ ደግሞ ትዕቢተኛ ነው” እያለ ይጥላል። “ያልጎነበሰ ይሰበራል” ይል ነበር። ለእሱ ጥሩ ዘንግ ማለት ጫፉ ትንሿን ዓሣ ቆሮሶን የሚሰማ፣ ወገቡ ለትልቁ ለአምባዛ የሚታጠፍ፣ ግን መልሶ የሚቀና ነው።

አንድ ቀን አባባ ገበያ ሄደ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ዘነቡ፣ “ዛሬ አምባዛ ነው የምይዘው። አንቺ ሁሉ ነገር ቀጥ ይበል ባይ፣ እስቲ ዘንግ ምረጪልኝ!” አለችኝ። ቀርከሃዎቹን መሬት ላይ በተርታ ዘረጋኋቸው። ወፍራሙን፣ ቀጥ ያለውን፣ የሚያበራውን አነሳሁ። እንደ አባባ ልጎትተው አስቤ ነበር። ግን በጣም ስላማረኝ፣ እንዳይሰነጠቅብኝ ሳሳሁለት።

ዘነቡ ናይለኑን ክር ከዘንጉ ጫፍ ካሰረች በኋላ የተረፈውን የእጇ አንጓ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው። አባባ ይህን አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ የሐይቁ ልጆች ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። ክር ከጠፋብን አለንጋ ይጠብቀናል።

ቡሹ አንዴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሰመጠ። ዘነቡ ስትጎትት ዘንጉ ቅንጣት አልጎነበሰም፤ ጧ! ብሎ ከወገቡ ተሰበረ። ዓሣው አሁን የሚጎትተው እጇን ሆነ። ከቆመችበት የእንጨት መድረክ ላይ በግንባሯ ወደ ውሃው ወደቀች። ከደንገሉ ወዲያ ጉማሬ በኃይል ሲተነፍስ ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ጭንቅላቷ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ።

በሆዴ ተኝቼ የተሰበረውን ግማሽ ዘረጋሁላት። ክር ባልተጠመጠመበት እጇ ያዘችው። እኔ ወደዚህ፣ ዓሣው ወደዚያ ስንጎትታት ክሩ ሥጋዋን እየበላ ገባ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ በመጨረሻ የተበጠሰው ክሩ ነው።

ዳር ስትወጣ ጭቃና ደም ብቻ ነበረች። ሳለች፣ ተፋች፣ ከዚያ “አየሽው? ጥጃ ያክላል! ለአባባ ትነግሪና ወየውልሽ!” አለች። እኔ ድምፅ ሳላወጣ አለቅሳለሁ።

መንገር አላስፈለገም። አባባ ሲመለስ አንጓዋን አየ፤ ስብርባሪውን አንስቶ አገላበጠ። “ማነው የመረጠው?” እጄን አወጣሁ። “ጎትተሽዋል?” “አልጎተትኩም።” አልመታኝም። መረቡን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ጭራውን ሆዴ ላይ አስደግፌ ሊዲያን “ጫፉን ጎትቺ” አልኳት።

“አክስቴ! ሰው እያየን ነው እኮ!”

“ይየን። ጎትቺ።”

የመጀመሪያው ካርፕ ለሚባሉት ትልልቅ ዓሦች የተሠራ ነው ተባለ፤ ትዕቢተኛ ነበር፣ መለስኩት። ሁለተኛው እስከ እጀታው እንደ እርጥብ ገመድ ተጣጠፈ። ሦስተኛው ጫፉ ቶሎ ሰገደ፤ ሊዲያ ስትበረታ ወገቡ ቀስ ብሎ ተከተለ፤ ስትለቀው ቀጥ አለ። አራት ጊዜ አስጎተትኳት። ሻጩ በጀርመንኛ አንድ ነገር አለና ሊዲያ ሳቀች፤ “ዓሣ አጥማጅ ናት ወይ ይልሻል።” “የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት በይው” አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዙሪክ ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። የአሁኑ ዘንግ ዓሣው ሲበረታ በራሱ ክር የሚለቅ መዘውር አለው፤ እጁ ላይ የሚጠመጥም ሰው የለም። ቢሆንም የሊዲያን እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልጬ አየሁ። ቡሹ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሲሰምጥ፣ ዘንጉም ሲጎነበስ፣ ያኔ ዝዋይ ላይ እምቢ ያለኝ ጩኸት ወጣ። በእግራቸው የሚንሸራሸሩት ዞረው አዩን። ሳላውቀው የሊዲያን ጃኬት ጨምድጄ ይዣለሁ። “ኧረ ልቀቂኝ!” እያለች ትስቃለች። ዘንጉ አልተሰበረም። ዓሣው ግን አመለጠ፤ እሰይ አልኩ በሆዴ።

አባባ አሁን የለም። ዝዋይም ስሟ ተቀይሯል። የዘነቡ አንጓ ላይ ግን ክሩ የተወው ነጭ መስመር ዛሬም አለ፤ በቪዲዮ ስንደዋወል ፀጉሯን ወደ ኋላ ስታደርግ አየዋለሁ። ማምሻውን ባቡር ውስጥ ሆኜ ወደ ጄኔቭ ስመለስ ደወለች። የዘንጉን ዓይነትም ዋጋም አልጠየቀችም።

“ጎትተሽዋል?” አለች።

“ጎትቼዋለሁ፣ ዘነቡ።”