ለአባቴ የሠራሁት ስሌት

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ዕጢ በሰው ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ የሚተነብይ ስሌት ሠርታ አሳየችኝ። «ትክክል ነው?» አለችኝ። ትክክል ነበር። ግን ነገ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከአዲስ አበባ ይዤ ሀርጌሳ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ቀን አስተምራለሁ። ከዚያ በባጃጅ አቧራ ለብሼ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር፣ ከሻይ ቤት በላይ ወዳለችው ኪራይ ክፍሌ እገባና ውጭ አገር ያሉ ሐኪሞች በሚልኩልኝ መረጃ የበሽተኞቻቸው ዕጢ ወዴት እንደሚሄድ አሰላለሁ። በሒሳብ በሽታን ማጥናት ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል፤ እኔ የማስታውሰው የወገቤን ሕመም ነው።

በዚያው ዓመት በአባቴ ጉበት ላይ ዕጢ ተገኘ። ዕድሜውን በበርበራ መንገድ የጨረሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አማርኛም ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለስ ለምዷል። ወንድሞቼ መኪናዋን ሸጠው ሕንድ ሊወስዱት ቆረጡ። ሁላችንም የምንበላው ከእሷ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ፣ ፓፓያ ሳጎርሰው በአማርኛ ጀመረኝ። አልጋውን የከበቡት አክስቶቼ አማርኛ አይሰሙም።

«ሳህራ፣ የሰዉን ሁሉ ሒሳብ ትሠሪያለሽ። የእኔንም ሥሪልኝ።»

«አባ፣ ሐኪም አለህ እኮ።»

«ሐኪሙ ኢንሻአላህ ይላል፤ እሱንማ እኔም እላለሁ። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።»

ምስሎቹን ወስጄ ሠራሁት፤ በመድኃኒትም፣ ያለ መድኃኒትም። ልዩነቱ ጥቂት ሳምንት ነበር። ተመልሼ እዚያው አክስቶቼ መሐል ቁጭ አልኩ።

«አባ፣ ዝናቡን የምትዘልቀው አይመስለኝም። ሕንድም ብትሄድ።»

ከአጠገቡ ካለው ፓፓያ አንድ ጎረሰ። «አልሐምዱሊላህ። መኪናዋ አትሸጥም። ለወንድሞችሽ አንቺው ንገሪያቸው።»

አንዷ አክስቴ ምን አለ ብትለኝ፣ ፓፓያው ጣፍጦታል አልኳት።

ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ታላቅ ወንድሜ «አባታችንን በቁሙ ቀበርሽው» አለኝ። አባቴ ስሌቱ ባለው ወቅት፣ በገዛ አልጋው ላይ ዐረፈ። ወንድሜ መኪናዋን እየነዳ ልጆቹን አሳደገ፤ የእኔን ደጅ ግን ከዒድ በቀር አይረግጥም።

ወንድሜንስ ተረድቼዋለሁ። የተቀየምኩት አባቴን ነው። ከልጆቹ ሁሉ መርጦ ይህን ጭነት ለምን እኔ ላይ ጣለው እያልኩ ስንት ዓመት በገንኩ። አሁን ወደ እሱ ዕድሜ ስጠጋ፣ ለማንም የማልነግረው ሕመም ሲበዛብኝ ነው የገባኝ። አባቴ የት እንደደረሰ ከእኔ ስሌት በፊት ያውቅ ነበር። ብቻውን ማወቁ ደክሞት ነው የጠራኝ።