የሜትሩ እርምጃ

ሴራሚክ አንጣፊው ጓደኛዬ በሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ነው የሚባለው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ መለኪያ የሚባል ነገር ኪሱ ገብቶ አያውቅም፤ አንድ እርምጃው ልክ አንድ ሜትር ነበር። በሩ ላይ ቆም ይላል፣ ክፍሉን በቁመት ይራመዳል፣ በወርድ ይራመዳል፣ ያባዛል። ከዚያ «ሰላሳ ካሬ ሃያ ካርቶን ከፈጀ፣ ስድሳው አርባ ይፈጃል» ብሎ ዋጋውን እዚያው ቁጭ ያደርግልሃል። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደሚፈጅብኝ እንኳን የማሰላው በሱ እርምጃ ነበር። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ጉራውማ አይጣል ነው!

አምና ከመሰላል ወደቀ። ወገቡን ያዘው። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው «ምን ሆኜ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ከዚያ ወዲህ አብረን ስንሄድ ወደኋላ ይቀርብኝ ጀመር፤ እኔም እንዳይከፋው ብዬ እርምጃዬን ቆጠብ አደርግለት ነበር። ስለዚህ ነገር ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በአንዲት የስፌት መኪና ነው የምታሳድገው። በዚህ ዓመት የፊት ለፊቱን ሰፊ ክፍል ወለሉን አሳምራ ልታከራየው ቆረጠች። ወንድሟ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነበር፤ መጥቶ ተራመደላት፤ ቁመቱ አስር፣ ወርዱ ስድስት። ስድሳ ካሬ፣ አርባ ካርቶን። ያጠራቀመችው ለሃያ ስምንት ካርቶን ብቻ ይበቃ ነበር። የሜትሩን ቃል ደግሞ ማን ይጠራጠራል? ተከራይ ሲገባ ሌላ እገዛለሁ ብላ ለቀሪው መኪናዋን ሸጠች።

እሱ አንጥፎ ሲጨርስ እኔ ግድግዳውን እየቀባሁ ነበር። ጥግ ላይ አስራ አራት ካርቶን ሳይከፈት ተደርድሯል። ቆጠረው፣ ደግሞ ቆጠረው። ሱቁ አንዴ የሸጠውን ዕቃ አይመልስም። የስፌት መኪናዋም ሌላ ሰው እጅ ገብታለች።

እህቱ ከአንገቷ የማይወርደውን የልብስ ሜትሯን አውልቃ ሰጠችኝ። እየተንበረከክሁ ለካሁት፤ ክፍሉ ስምንት ሜትር በአራት ሜትር ከሰማንያ ነው። አርባ ካሬ እንኳን አይሞላም። ሜትሩ አንዴ ተራመደና «ይህንንም ለካልኝ» አለኝ። ሰማንያ ሴንቲ። ሂሳቡ ምንም አልጎደለውም፤ ያጠረው እግሩ ነው። በቁመትም በወርድም ያጠረው ሲባዛ ከሲሶ በላይ ወለል ፈጥሮላታል፣ የሌለ ወለል።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ሜትሯን ጠቅልላ ያዘችና «ግድ የለም ወንድምዓለም፣ በእጄ እሰፋለሁ» አለችው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከግቢው ስንወጣ ድንገት «አንተ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

«በምን አውቄ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መንገድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ወደኋላ ቀረት አለብኝ፤ እኔም ሳላስበው እንደለመድኩት እርምጃዬን ቆጠብ አደረግሁ። ቆመ። መጀመሪያ እግሬን አየው፣ ከዚያ ፊቴን።

«ታውቅ ነበር» አለኝ።

ጥሎኝ ሄደ። ልከተለው ብዬ አንዴ ተራመድኩና አጠገቡ ደረስኩ፤ አፍሬ ቆምኩ።