ወንፈል የገባው የኮሌጅ ተማሪ

«ሥራሽ ልመና ነው። ታፍሪያለሽ?» አሉኝ የከተማችን የልማት ማኅበር ሊቀ መንበር ቀኛዝማች ደስታ፣ ገና ወንበር ሳልይዝ።

«አላፍርም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ጸሐፊያችን ነሽ።»

ክረምት ሲገባ የኮሌጅ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ይመጣሉ። ከጭነት መኪናው ሳይወርዱ፣ እናቶቻቸው ስመው ሳይጠግቡ እደርስባቸዋለሁ። ማኅበሩ ፊደል ወደሚያስተምርባቸው መንደሮች እስኪሄዱልኝ እጨቀጭቃለሁ። አንዱ «ደሞዙ ስንት ነው?» ቢለኝ «ምርቃት» አልሁት። «እሱንማ እናቴም አላሳነሰችኝ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ሌላ ፍለጋ ሮጥሁ። መቀመጥ አልወድም።

መመልመሉ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማቆየቱ ላይ ነው። ጋዝጊብላ ውስጥ አንዲት መንደር ሁለት ክረምት ትምህርት ጀመረች፤ ሁለቴም አስተማሪው ሳይጨርስ ጥሏት መጣ። በሦስተኛው ጭቃ ሹሙ አቶ ኪሮስ፣ የአገሩ አገውኛ ኽምጣንጋ በሚጫነው አማርኛቸው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮም ከተቋረጠ ሌላ አታምጪብን። ሽማግሌው ሀ ብሎ እየጀመረ ሲቀር የልጅ መሳቂያ ሆኗል» አሉኝ።

ኑሩን ላክሁ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት፣ ቁም ነገረኛ። ብዙም ሳይቆይ በአባቱ ሱቅ አቡጀዲ ሲለካ አገኘሁት።

«ታመምህ?»

«ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

«ቀልዱን ተወው።»

«ምን ቀልድ አለው? ገበሬው የሚማረው በበዓል ቀን ነው፤ አዘቦቱን አረም ላይ ነው። እኔ መደብ ላይ እንደ ሙሽራ ተጎልቼ እውላለሁ። ውኃ ልቅዳ ብል ሴቶቹ እንስራውን ይነጥቁኛል። እንጨት ልፍለጥ ብል አባወራው ይቆጣል። ማር ያቀርቡልኛል፤ ልጆቻቸው ቆመው ያዩኛል። እስኪ አንቺ ዋጪው!»

በማግስቱ እየጎተትሁ ወደ መንደሯ ይዤው ተመለስሁ።

አቶ ኪሮስን «ወንፈል አስገቡት» አልኋቸው።

«እንግዳ አረም ይነቅላል? አገሩ ምን ይለናል?»

«እንግዳ ከሆነማ ይሄዳል። እንግዳ መቼ ከርሞ ያውቃል?»

ሚስታቸው ከጓዳ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። እሳቸው ሳቁ። «ማራችንም እያለቀ ነው ትላለች። እሺ፣ ይግባ።»

በመጀመሪያው ቀን ኑሩ ሲናር የሚሉትን አረም ትቶ ገብሱን ነቀለ። ልጃገረዶቹ «መምህር፣ ምሳችንን ነቀልኸው!» እያሉ ሳቃቸውን ለቀቁት። እሱም ሳቀ። እጁ ተላጠ። እስከዚያ ድረስ እፊቱ አፋቸውን ለመክፈት ያፍሩ የነበሩ ሽማግሌዎች፣ ትልሙ ላይ ጎንበስ እንዳሉ «ይቺስ ማን ናት?» እያሉ ፊደል በጣታቸው አፈሩ ላይ ይጽፉለት ጀመር።

ወንፈል ብድር አለው፤ ያረመልህን ታርምለታለህ። ኑሩ ግን ማሳ የለውም። አቶ ኪሮስ ወንፈለኛውን ሰብስበው «የልጁን ቀን በምን እንመልስ?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ተነጋገሩና «በመማር» ተባለ። ኑሩ ያረመለት ሰው በአዘቦት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ወይራው ሥር ተቀምጦ ይማርለታል። የቀረ እንደ ወንፈል አፍራሽ ይቆጠራል።

ማንም አልቀረም። ኑሩም ወደ ሱቁ አልተመለሰም።

በዚህ ሥራ የተማርሁት ይህን ነው፤ በፈቃዱ የመጣን ሰው ሥራ ፈት አድርገህ ካከበርኸው ይሸሻል። ከሰዉ ጋር እኩል ድርሻ ስጠው፣ ይቆያል።

ነሐሴ ሲያልቅ ቀኛዝማች አስጠሩኝ።

«የሰውን ልጅ አረም ነቃይ አደረግሽ! አባቱ እዚህ መጥቶ ጮኸብኝ። ማኅበሩን አዋረድሽው። ዛሬውኑ አምጪው፤ ከእንግዲህ የምትልኪውም በክብር ይቀመጥ።»

«ቀኛዝማች፣ ካመጣሁት ትምህርቱ ይዘጋል። ሲቋረጥ ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከእንግዲህ በር አይከፍቱልንም።»

«ወይ ታመጪዋለሽ፣ ወይ ሥራውን ትለቂያለሽ።»

«እሱ አይመጣም፤ ሥራውን እለቃለሁ። ኮሌጁ ሲከፈት እኔ እተካዋለሁ።»

«አንቺ? እዚያ ምን ልትበዪ?»

«አርሜ የሚሰጡኝን።»

ነጠላዬን አጣፋሁ። ውጭ ገበያው እየተበተነ ነበር። የጋዝጊብላ ሰዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ተነሥተዋል። ተከተልኋቸው።