አራተኛው ወንበር

አጎቴ የእሳት አደጋ መኪና መንዳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤት ሲገባ እንኳ ጫማውን የሚያወልቀው ጫፉን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ሚስቱ "እንግዳ ነው ያገባሁት፤ ሁልጊዜ ተነስቼ ልሂድ የሚል" እያለች ትስቅበታለች። የግራ እጁ ቆዳ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ድረስ ተጨማድዷል። ይህን ጠባሳ ያተረፈው የሚጠብቀውን የመኪናውን የውሃ ፓምፕ ትቶ ባልደረባውን ከጭስ ውስጥ ሊጎትት የሮጠ ቀን ነው። ፓምፑን መተው አልነበረበትም። ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

መኪናው አራት ወንበር አለው። ሰዎቹ ሦስት ናቸው፤ አለቃቸው፣ በቁመቱ ምክንያት "ምሰሶ" የሚሉት ቱቦ ያዥ፣ እና አጎቴ። አራተኛው ወንበር ላይ ከንቲባው ለየስብሰባው የሚያስጭኑት የድምፅ ማጉያ ይቀመጣል።

ከላይ የወረደው አገር አቀፍ መስፈርት ግን ግልጽ ነው። ሁለት ሰው ወደ እሳቱ ይገባል፣ አንዱ ፓምፑን ይይዛል፣ አራተኛው በር ላይ ቆሞ የገቡት ካልወጡ ያወጣቸዋል። አጎቴ ይህን ሲያነብ "የጻፈው ሰው ጭስ ያውቃል" ብሎ ነበር። ገጹን ሲገልጥ ግን አራት ሰው የሌለው ጣቢያ እንደሚዘጋና ሥራው አርባ ደቂቃ ርቆ ለሚገኘው ትልቅ ጣቢያ እንደሚሰጥ አነበበ። ሦስት ሰው አነሰ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ዜሮ ሰው እንዴት እንደበቃው አልጻፈም።

ከንቲባችን ደግሞ የራሳቸው ዕውቀት አላቸው። "ከተማችንን የምናውቃት እኛ ነን። ቤቶቻችን አጫጭር ናቸው፤ ሦስት ሰው ይበቃል" ይላሉ። እሳት የቤት ቁመት እየለካ እንደሚነሳ ማን እንደነገራቸው እንጃ። የአራተኛውን ሰው የሥራ መደብ ግን ባዶ አላስቀሩትም። ለቢሯቸው የአበባ ቦታ አትክልተኛ ቀጠሩበት።

"እሱም የሚሠራው በውሃ ነው" አሉ፣ አጎቴ ሲጠይቃቸው።

ተቆጣጣሪ መጥቶ ጣቢያውን በሚመዝንበት ዕለት ጠዋት የድምፅ ማጉያው ከወንበሩ ወረደ። አትክልተኛው የእሳት አደጋ ልብስ ለበሰ፤ ሱሪው መሬት ይጠርጋል፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ከንቲባው አጎቴን ወደ ጎን ሳብ አደረጉት።

"ዛሬ አፍህን ከከፈትክ ጣቢያው ይዘጋል። ከተማዋ ብትቃጠል ተጠያቂው አንተ ነህ።"

አጎቴ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያፍራል።

ተቆጣጣሪው መጣና ቆጠረ። ሄልሜት አራት፣ ጫማ አራት ጥንድ፣ ሰው አራት። ወጉ እንዲሞላ አትክልተኛውን "ሥራ እንዴት ነው?" አለው።

"ዘንድሮ ጥሩ አብቦልናል፣ ጌታዬ።"

ተቆጣጣሪው ቀና እንኳ ሳይል ፈረመ፣ ማኅተሙንም መታ። ቅጹ ላይ የመልሱ ቦታ አልነበረማ።

ማኅተሙ ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጣጥሏል፤ ቫርኒሽ ቀቢው ውስጥ ቀርቷል።

ሦስቱ ዘለው ገቡ። አትክልተኛው አንድ እግሩን መኪናው ደረጃ ላይ አድርጎ ቀረ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ሻይ እንኳ አፍልቼ አላውቅም" አለ።

"ውረድ ወንድሜ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" አለው አጎቴ። ከዚያ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተቆጣጣሪውን ጠራ። "ጌታው! ይሄ ሰው አበባ ነው የሚያጠጣው። ሦስት ነን። መስፈርቱ የእናንተ ነውና ይግቡ፣ አራተኛ ይሁኑ!"

"እኔ... የእኔ ሥራ ምዘና ነው።"

"እርስዎስ ክቡር ከንቲባ? ከተማዋን ያውቋታል። በር ላይ መቆም ብቻ ነው።"

ከንቲባው የሸሚዛቸውን እጅጌ አዩ። "ሂዱ እንጂ! ሰው እየተቃጠለ ወሬ ትሰልቃላችሁ?"

ሄዱ። አለቃውና ምሰሶ ገቡ። አጎቴ አንድ ዓይኑን ግፊት መለኪያው ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። አለቃው ቀቢውን ተሸክሞ ወጣ። ምሰሶ ከኋላው አልነበረም። ከውስጥ የሚወድቅ እንጨት ተሰማ። አጎቴ ፓምፑን ቢተው ውሃው ይቋረጣል፤ ምሰሶን ከእሳቱ የጋረደው ያ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆመ። አለቃው ቀቢውን አስተኝቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ተመልሶ እስኪገባ፣ ምሰሶንም እግሩን ይዞ ጎትቶ እስኪያወጣው፣ አጎቴ እጁን ከፓምፑ ሳያነሳ ስሙን እየጠራ ጮኸ።

ምሰሶ ተረፈ። ትከሻው ግን ደቅቋል። እጁ ከእንግዲህ ከጆሮው በላይ አይነሳም።

አጎቴ ለተቆጣጣሪው ደወለ። "ሦስት ነበርን ብለው ያስተካክሉልን" አለው።

"የተፈረመ ቅጽ አይሰረዝም። በዓይኔ አራት ሰው ቆሞ አይቻለሁ።"

ከሳምንታት በኋላ "መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያሟላ" የሚል የምስክር ወረቀት መጣ። ከአገር አቀፍ ነገር ምንም የማይወዱት ከንቲባ ይህችን ግን ወደዷት፤ መስታወት ውስጥ አስገብተው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። አጎቴ በምሰሶ ምትክ ሰው ሊጠይቅ ሲገባ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ።

"አራት ናችሁ ተብሎ ተመስክሯል። አንድ ቢጎድል ሦስት ናችሁ። ሦስት ደግሞ ይበቃል።"

አጎቴ ከቢሮው ወጣ። ጣቢያው ሄዶ መፍቻ አነሳና የአራተኛውን ወንበር ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው መንገዱን አቋረጠና ከንቲባው ቢሮ በር ፊት፣ አበቦቹ መሃል ተከለው።

ከንቲባው እየሮጡ ወጡ። "ምንድነው ይሄ? አሁኑኑ ወደ ቦታው መልስ!"

"አራተኛው ሰው ሲመጣ ራሱ ተሸክሞት ይመጣል" አላቸው።

ወንበሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ለጉዳይ የሚመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ይቀመጥበታል። አትክልተኛው ዙሪያውን ያጠጣል። "የማን ወንበር ነው?" ብለው ሲጠይቁት ቱቦውን መሬት ላይ ያስቀምጥና "የእኔ ነበር" ይላል። ከዚያ ሁሉንም ይነግራቸዋል፤ የከንቲባው መስኮት ክፍት ቢሆንም ድምፁን አይቀንስም።